«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብና እኅቶቿ

የዲላ ተማሪ ስለ ጦር መርከብ ሲጽፍ «ይህ ልጅ ባሕሩን የት አየው?» የሚል እንደማይጠፋ አስቀድሜ አውቃለሁ። በእውነትም አላየሁትም። ከተማችን በስተ ምዕራብ ካለው ከአባያ ሐይቅ በቀር ሰፊ ውሃ በአቅራቢያዋ የላትም፤ የለገዳራ ወንዝም በክረምት ምንም ያህል ቢጮኽ መርከብ የሚሸከም አይደለም። የጌዴኦ ሰው ጥበቡ በመሬቱ ላይ ነው። በዳገቱ ላይ ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን አንድ ላይ ተክሎ አፈሩን በጎርፍ ሳያስወስድ መኖርን ያወቀ ሕዝብ ነው፤ ይህም ጥበቡ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦለታል። ነገር ግን ቡናችን ባሕር ሳይሻገር ብዙ ገንዘብ እንደማያመጣ ማንም የዲላ ልጅ ያውቃል። ቀድሞ በአሰብ በኩል ይወጣ ነበር፤ ዛሬ በጅቡቲ በኩል ይወጣል። እንግዲህ በጆንያ ውስጥ ታስሮም ቢሆን፣ ከእኛ ይልቅ ቡናችን ባሕሩን ያውቀዋል ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ቡናው አይደለም፤ የእናቴ አባት ናቸው።

አያቴ ወናጎ አጠገብ ተወልደው ዲላ ከተማሩ በኋላ በ1958 ዓ.ም. የአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሳሉ ባሕር ኃይል ገቡ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያዩት ትልቁ ነገር ቡና የሚጭን ካሚዮን ነበረ። ምጽዋ ወርደው ትምህርታቸውን ሲጨርሱ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ በሞተር ክፍል ተመደቡ፤ ከዚያም ወዲያ ዕድሜያቸውን የቈጠሩት በእርሷ ሞተር ነው። በ1981 ዓ.ም. ታመው ከመርከብ ወረዱና አሰብ ላይ በአንድ የጥገና ክፍል መሥራት ጀመሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲፈርስ ከብዙ ሰው ጋራ ወደ ጅቡቲ ተሰደዱ፤ መርከቢቱ ወደ የመን መሄዷንም የሰሙት በስደተኞች ድንኳን ውስጥ ሆነው ነው። ከዚያ በኋላ ዲላ ገብተው የቡና መጋዘን ሠራተኛ ሆኑ።

ዛሬ ከእኛ ጋራ ይኖራሉ። ከባሕር ይዘውት የመጡት ሀብት ቢኖር ገመድ ማሰር ነው። በመጋዘኑ ጆንያ ሲያስሩ የሚቋጥሩት ቋጠሮ ከማንም አይመሳሰልም፤ ሲጎትቱት ይጠብቃል፣ በአንድ ጣት ሲነኩት ይፈታል። ወዛደሮቹ እስከ ዛሬ «የባሕሩ ቋጠሮ» ይሉታል፤ እኔም የጫማዬን ክር የማስረው በእርሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት አያቴ ጠሩኝና «አንተ ልጅ፣ አሁን ሁሉ ነገር በስልክ ውስጥ አለ ትላላችሁ። እስቲ የእኛ መርከብ የት ወደብ እንዳለች ፈልግልኝ» አሉኝ። ልብ በሉ፤ «አለች ወይስ የለችም» አላሉም። «የት ወደብ እንዳለች» ነው ያሉት። እኔም ቀላል ሥራ መስሎኝ «እሺ፣ አባባ» አልሁ።

ፍለጋዬን በስልክና በመጻሕፍት ስጀምር መጀመሪያ ያገኘኋት የእኛዋን አልነበረም። ስለ ጦር መርከቦች የሚናገረው ጽሑፍ ሁሉ አስቀድሞ የሚያወራው ስለ «ክላስ» ሆነብኝ። መርከብ ሠሪዎች አንድ ንድፍ ይነድፉና በዚያው ንድፍ ብዙ መርከቦች ይሠራሉ፤ በአንድ ንድፍ የተሠሩት ሁሉ አንድ ክፍል ናቸው፣ እርስ በርሳቸውም እኅትማማች ይባላሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለሚማር ሰው ነገሩ ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም።

ምሳሌ እንዲሆን በነፋስ ሸራ ከሚሄዱት ከጥንቶቹ የስፓኝ የጦር መርከቦች አንዱን ክፍል ላንሣ። (የውጭ አገሩን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ስፓኝ ከ1784 እስከ 1794 ባሉት ዓመታት ውስጥ ባለ ሦስት ደርብ፣ እያንዳንዳቸው 112 መድፍ የሚሸከሙ ስምንት መርከቦች በአንድ ንድፍ አሠራች፤ ከፊሎቹ በአገሯ በፌሮል፣ ከፊሎቹ በኩባ በሃቫና ተሠሩ። የክፍሉ ስም በመጀመሪያዋ በ«ሳንታ አና» ተጠራ። እነዚህ በዘመናቸው ከዓለም ግዙፍ መርከቦች የሚቈጠሩ ነበሩ። መጨረሻቸው ግን እንደሚከተለው ሆነ። «ሳልቫዶር ዴል ሙንዶ» በ1797 በእንግሊዞች ተማረከች። «ሬያል ካርሎስ» እና «ሳን ኤርሜኔጊልዶ» በሐምሌ 1801 በጨለማ ሌሊት ከጂብራልታር ወዲያ ሲጓዙ አንዲት የእንግሊዝ መርከብ ተጠግታ ተኩሳ ፈቀቅ አለች፤ ሁለቱ እኅትማማቾች በጭሱ ውስጥ አንዷ ሌላይቱን ጠላት መስላት ተታኰሱ፤ ሁለቱም ተቃጥለው ፈነዱ፤ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ የሚበልጡ ሰዎችም አለቁ። «ሳንታ አና» በ1805 በትራፋልጋር ጦርነት ተማርካ፣ ወገኖቿ ከሁለት ቀን በኋላ አስመለሷት። ታዲያ ከዚያ ሁሉ እሳት ያመለጠችው መርከብ በ1816 በሃቫና ወደብ፣ ማንም ሳይተኩስባት፣ የሚያድሳት ጠፍቶ በቆመችበት ሰጠመች። እኅቷ «ፕሪንሲፔ ደ አስቱሪያስ» በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወደብ እንደዚሁ ሆነች። ንጉሡ ገንዘብ አልነበረውም።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ አንድ ነገር በልቤ ቀረ። መርከብ የሚሞተው በባሕር ላይ ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን የብዙዎቹ ዕጣ የሚወሰነው በየብስ፣ በገንዘብ ቤትና በቤተ መንግሥት ነው። የእኛዋን ታሪክ ሳገኝ ደግሞ ይህ ሐሳቤ ይበልጥ ጸና።

«ኢትዮጵያ» ከመባሏ በፊት ስሟ «ኦርካ» ነበረ። በ1935 ዓ.ም. መስከረም ወር በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፣ በሐይቅ ዳር ባለ የመርከብ ፋብሪካ ተሠርታ ወደ ውሃ ወረደች። መርከቢቱ በሐይቅ ተወልዳ ወደ ባሕር በቦይ የወጣች መሆኗን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የአባያ ጎረቤት ስለ ሆንሁ ይሆናል። በጥር 1936 ዓ.ም. ሥራ ጀመረች። ክፍሏ «ባርኔጋት» የሚባል ሲሆን በዚያ ንድፍ 35 መርከቦች ተሠርተዋል፤ ስማቸውም ከባሕር ሰርጦች የተወሰደ ነው፤ ኦርካም በአላስካ ያለ ሰርጥ ነው። ሥራቸው በውሃ ላይ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች መንከባከብ ነበረ። አውሮፕላኑ በባሕሩ ላይ ያርፋል፤ መርከቢቱ ቤንዚን ትሞላዋለች፣ ትጠግነዋለች፣ አብራሪዎቹንም ታበላለች፣ ታሳድራለች። በዘመናችን ቋንቋ ተንሳፋፊ ጋራዥና ሆቴል ማለት ነው። «ኦርካ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ሥራ እስከ ፊሊፒንስ ድረስ ሄዳ ሠርታለች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነው፤ የኳስ ሜዳችንን ከግብ እስከ ግብ ልትሞላው ምንም አይቀራት። በናፍጣ ሞተር ሁለት ዘንግ እያዞረች በሰዓት 18 የባሕር ማይል ትሄዳለች፤ ከፊቷም ባለ አምስት ኢንች መድፍ ነበራት።

ወደ እኛ እንዴት እንደ መጣች ደግሞ ላስረዳ። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን ስትያያዝ የቀይ ባሕር ጠረፍ በእጃችን ገባ፤ ጠረፍም ካለ ጠባቂ ያስፈልጋል። በፈረንጆች 1955 የባሕር ኃይሉ መሠረት ተጣለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የባሕር ኃይል ኮሌጅ አስመራ ላይ ተከፈተ። በማሠልጠኑ ሥራ የኖርዌይ የባሕር ኃይል መኰንኖች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። አያቴ እስከ ዛሬ ቡና ሲቀርብላቸው አልፎ አልፎ «ታክ» ይላሉ፤ በኖርዌይኛ «አመሰግናለሁ» ማለት ነው፤ ቃሉንም ያገኙት በኖርዌዮች ከተማሩት አለቆቻቸው ነው። ከአሜሪካ ጥቂት የጥበቃ ጀልባዎች ከመጡ በኋላ በ1954 ዓ.ም. «ኦርካ» በውሰት ተሰጠችን። ስሟም «ኢትዮጵያ»፣ ቁጥሯም ኤ 01 ሆነ። የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብና የዕጩ መኰንኖች ማሠልጠኛ እርሷ ነበረች።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚነካ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ተማሪዎች የሚያውቁት አይመስለኝም። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ልዑል እስክንድር ደስታ የራስ ደስታ ዳምጠው ልጅ ናቸው። ራስ ደስታ ከጣልያን ወረራ በፊት የሲዳሞ ገዢ ነበሩ፤ የእኛም አገር ያን ጊዜ በዚያ ግዛት ውስጥ ነበረ። በደቡብ ጦር ግንባር ተዋግተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸው በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። እንግዲህ አባት የቡናውን አገር ገዙ፣ ልጅ ቡናው የሚያልፍበትን ባሕር ጠበቁ ማለት ይቻላል። የልጅየውም መጨረሻ ከአባታቸው ባልተሻለ ሁኔታ ሆነ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከገደላቸው የቀድሞ ባለ ሥልጣኖች አንዱ እሳቸው ነበሩ። አያቴ ይህን ቀን ሲያነሡ ስለ ፖለቲካ አንድም ቃል አይናገሩም። «በዚያ ሳምንት ሞተር ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም አላነጋገረም» ይላሉ፤ ይኸው ነው።

ስለ ደጉ ዘመን ግን ሲያወሩ አይጠግቡም። የባሕር ኃይል ቀን በየዓመቱ ምጽዋ ላይ ይከበር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይወርዳሉ፤ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየት ኅብረት የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ ይሰበሰባሉ፤ በሌላ ቦታ የሚፈራሩት ሁሉ እኛ ዘንድ ሲመጡ ጎን ለጎን ይቆማሉ። አያቴ በዚያን ቀን ነጭ ልብስ ለብሰው ደርብ ላይ የመሰለፍ ዕድል ሁለት ጊዜ ብቻ እንዳገኙ ይናገራሉ፤ የቀረውን ጊዜ ከታች ነበሩ። የምጽዋ ሙቀት ከላይ፣ የሞተሩ ሙቀት ከጎን፤ «የለበስነው ካኪ ቢጨመቅ አንድ ባልዲ ጨው ይወጣው ነበር» ይላሉ። ይህን እንኳ ትንሽ ያበዙት ይመስለኛል። ሞተሩ በድምፁ ደኅና መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ዛሬም በቤታችን ፊት የሚያልፈውን አይሱዙ ሳያዩ በድምፁ ብቻ የቱ ጎማው፣ የቱ ሞተሩ እንደ ታመመ ይናገራሉ።

ከአብዮቱ በኋላ መርከቢቱ አልተለወጠችም፤ ባለቤቶቿ ግን ተለወጡ። በ1968 ዓ.ም. ውሰቱ ቀርቶ በሽያጭ የኢትዮጵያ ንብረት ሆነች። ብዙም ሳይቆይ መንግሥቱ ከአሜሪካ ተጣልቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ፤ ፍሪጌቶች፣ የሚሳኤል ጀልባዎች፣ ታንክ የሚያወርዱ መርከቦች ከሶቪየት መጡ። አሜሪካ የተሠራችው አሮጊት ከእነዚህ መካከል ቆማ አገለገለች። የመለዋወጫ ዕቃ ከየት ይመጣ ነበር? አያቴ እንደሚሉት ከሆነ «ከጭንቅላታችን» ነው። የተሰበረውን ብረት በየብየዳው ቤት እየዞሩ አስመስለው ያስቀርጹ ነበር።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ ተያዘች። ባሕር ኃይሉ ዋናውን ቤቱን አጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ መርከቦቹ ሕዝብና ወታደር ጭነው ወጡ፤ የሚበዙት ወደ የመን፣ ሌሎቹም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ሳይወጡ የሰጠሙም ነበሩ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝብ ድምፁን ሰጥቶ ኤርትራ የራሷን መንግሥት አቆመች፤ ወደቦቹም ከእርሷ ጋራ ሄዱ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ግን አገሩ ባሕር ካጣ በኋላ እንኳ ጥቂት ዓመት ነበረ። ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። የቀሩት መርከቦች ጅቡቲ ላይ ቆመው የወደብ ዕዳ ይቈጠርባቸው ጀመር፤ በፈረንጆች 1996 ጅቡቲ በሐራጅ ሸጠቻቸው፤ ከገዢዎቹም አንዷ ኤርትራ ነበረች። የስፓኝ ንጉሥ መርከቦች በሃቫና እንደ ሰጠሙት ሁሉ እነዚህም ያለቁት በመድፍ ሳይሆን በሒሳብ ነው።

«ኢትዮጵያ» ግን ይህን ሐራጅ አላየችም። የመን እንደ ገባች አልተመለሰችም፤ በፈረንጆች 1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

አያቴ የጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ ይህ ነበረ። «የት ወደብ አለች?» ብለውኛል፤ መልሱ «የትም የለችም» ሆነ፤ ይህም የሆነው እኔ ከመወለዴ ብዙ ዓመት በፊት ነው። አያቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ እርሷን በየመን ወደብ ቆማ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሞተሯን ዘይት እየቀባ ሲጠብቃት ያዩዋት ነበር። ይህን አንድ ቀን ለእናቴ ሲነግሯት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ነገሩን አስቀድሜ ለእናቴ አማከርኋት።

«እንዳትነግራቸው» አለችኝ። «አባባ ስንቱን ቀብረዋል! አንድ ነገር እንኳ በሕይወት ይቅርላቸው።»

«ከጠየቁኝስ?»

«በትምህርት ምክንያት ጊዜ አጣሁ በላቸው።»

እናቴን አከብራለሁ፤ የተናገረችውም በፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ሽማግሌውን እንደ ሕፃን መደለል ከበደኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳስብ ቆየሁ። አያቴ ብዙ ነገር አሳልፈው የሰጡት ለዚያች መርከብ ነው፤ ስለ እርሷ ከማንም ይልቅ የማወቅ መብት ያላቸው እሳቸው ይመስሉኛል። በሌላ በኩል ደግሞ በሰባ ሰባት ዓመታቸው እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ መግባት እንዲሁ በቀላሉ የሚሆን አይደለም። በኋላ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ከመርከቢቱ ሞት ልጀምር አይገባኝም፤ ከእኅቶቿ ልጀምር አልሁ። ሰው የወንድሙን መርዶ የሚሰማው ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት አይደለምን?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይዘንብ ነበር። በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ደብተሬን ገለጥሁና «አባባ፣ መርከባችን ሠላሳ አራት እኅቶች እንደ ነበሯት ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«ሠላሳ አራት! እንኳን እኔ፣ ካፒቴኑም አልነገረን» አሉ።

ጀመርሁላቸው። አንዲቱ «ኦይስተር ቤይ» ለጣልያን ተሰጥታ ስሟ «ፒዬትሮ ካቬዛሌ» ሆነ። ሌላዪቱ ለምርምር ሥራ ውላ በኋላ ለግሪክ ተሰጠች። ሁለቱ፣ «ሼሊኮፍ» እና «ቲምባሊየር»፣ ለግሪክ ነጋዴዎች ተሸጠው ሽርሽር የሚሄዱ መንገደኞች መጫኛ ሆኑ። ይህ በጣም አሣቃቸው፤ «የእኛን ክፍል ቱሪስት ተኛበት በለኛ!» አሉ። ብዙዎቹን ደግሞ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ወሰዳቸው፤ ከእነርሱም የመጨረሻዪቱ «ዩኒማክ» እስከ 1988 በፈረንጆች ሠርታ፣ በኋላ የዓሣ መጠለያ እንድትሆን ሆን ተብሎ ሰጠመች።

ሰባቱን ለደቡብ ቬትናም ሰጧት። በ1975 ሳይጎን በወደቀች ጊዜ ስድስቱ ስደተኛ እንደ ጫኑ ወደ ፊሊፒንስ አመለጡ፤ «ፋም ንጉ ላው» የተባለችው ግን ቀርታ በድል አድራጊዎቹ እጅ ገባች።

አያቴ ሲኒውን አስቀመጡ። «ስድስቱ አመለጡ?»

«አዎ፣ ስድስቱ።»

«አንዷ ቀረች?»

«አንዷ ቀረች።»

«ሞተሯ ተፈትቶ ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። «ሞተሩ ተፈትቶ ጥገና ላይ ያለ መርከብ ነው እንደዚያ የሚቀረው። ባይሆንማ ማን ይቀራል?» ይህን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዙረው ነበር። እኔም የመርከቢቱን ነገር እየተናገሩ ይሁን፣ በ1981 ታመው ከመርከብ የወረዱትን ሰው ነገር እየተናገሩ ይሁን መለየት አቃተኝ፤ መጠየቅም ነውር መሰለኝ።

ቀጥዬ የኖርዌይቱን ነገርኋቸው። «ጋርዲነርስ ቤይ» የተባለችው በ1958 ለኖርዌይ ተሰጥታ «ሆኮን ሰባተኛ» በሚል ስም እንደ እኛዋ የዕጩ መኰንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። «ይህን እንኳ የኖርዌይ መምህራን ለአለቆቻችን ሳይነግሯቸው አልቀሩም። አንድ ቤት ነበርና! ታዲያ እርሷስ?»

«በ1974 ተሰባብራ ለብረት ተሸጠች።»

«የእኛዋስ?» አሉኝ።

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ማምለጫ አልነበረም። «የመን ላይ ቆማ ነበር። በፈረንጆች 1993 እርሷም ለብረት ተሸጠች» አልኋቸው።

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ዝናቡ ብቻ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር። እኔም እናቴ ያለችው ትዝ አለኝና ወደ ወጥ ቤቱ በር ተመለከትሁ። ከዚያም አያቴ በጣታቸው መቈጠር ጀመሩ። በእኛ አቆጣጠር በ1936 ሥራ ጀመረች አላልህም? አሉኝ። አዎ አልሁ። በእኛስ አቆጣጠር የተሸጠችው መቼ ነው? አሉ። በ1985 ወይም በ1986 ነው አልሁ።

«አርባ ዘጠኝ ዓመት» አሉ። «የኖርዌይቱ ከእርሷ ስንት ዓመት ቀድማ ሞተች?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ኖርዌዮች ዕቃ አልጎደለባቸውም፤ ጋራዥ አልጎደለባቸውም። ያስተማሩን እነርሱ ናቸው። እኛ ግን ከእነርሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስበልጠን አቆየናት!» አሉና ጉልበታቸውን መቱ። ኀዘንና ኩራት በአንድ ፊት ላይ ሲታይ ያን ቀን አየሁ። መርከብን የሚያረጀው የባለቤቱ ገንዘብ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው ብዬ ልከራከራቸው አልወደድሁም፤ ኖርዌዮች የሸጧት ሌላ አዲስ ስላላቸው እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። ለአያቴ ግን ቁጥሩ በቂያቸው ነበረ።

በዚህ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምንጨርሰው ተማሪዎች መንገዳችንን በምንመርጥበት ሰዓት ስለ ባሕር ማውራታችን አልቀረም። ባሕር ኃይል እንደ ገና እንደሚቋቋም በ2010 ዓ.ም. ተነግሯል፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋራ ስምምነት ተፈርሟል። አንዱ የክፍል ጓደኛዬ እዚያ ለመግባት ቈርጧል፤ ሌላው በባሕር ዳር በሚሰጠው የመርከብ ትምህርት ገብቶ በንግድ መርከብ ላይ መሐንዲስ መሆን ይፈልጋል። እኔ በበኩሌ ሁለተኛው ይሻለኛል። ጦር መርከብ በአገሩ ዕጣ የታሰረ ነው፤ አገሩ ሲፈርስ ይፈርሳል፤ ሞተር የሚያውቅ ሰው ግን ዲላ ተመልሶም ቢሆን የአይሱዙ ድምፅ ይሰማል። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ «ፈሪ» ብሎኛል፤ እሱም የራሱን ሐሳብ በሚቀጥለው መጽሔት ቢጽፍ ደስ ይለኛል።

ያን ቀን አያቴ ከተናገሩት በኋላ ደብተሬን ተቀበሉኝና እስክርቢቶ አምጣ አሉ። በኋላ ሽፋኑ ላይ መሣል ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ ግን አልተሳሳተም። ሞተሮቹን ሣሉ፤ ሁለቱን ዘንጎች ወደ ኋላ ሳቡ፤ መሰላሉን፣ የዘይቱን በርሜል፣ ነፋስ የሚገባበትን ቱቦ አመለከቱ። በመጨረሻ ከቱቦው ሥር ትንሽ ክብ አደረጉና «እኔ እዚህ ነበርሁ፤ ከሁሉ የተሻለው ቦታ ነው፤ ለማግኘት ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል» አሉ። የግሪኮቹ ቱሪስቶች የተኙበትን ቦታ ለማግኘት ደግሞ በጎኑ ሌላ ሥዕል ጀመሩ፤ የአውሮፕላን ቤንዚን ይቀመጥበት የነበረውን ጋን ወደ የት እንዳዞሩት ለብቻቸው እየተከራከሩ፣ እየሰረዙና እየመለሱ ሲሥሉ፣ እናቴ ራት አቀረበች።